«ሞክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከነክብደቱና ከነአገባቡ ለመማር

ፌዝን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን በኤም፣ በኦ፣ በሲና በኬይ የሚጻፈው «ሞክ» ነው። እንግሊዝኛውን በአማርኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው «አፌዘ፣ አላገጠ፣ ተሳለቀ፣ ዘበተ» የሚሉ ቃላት ተደርድረው ያገኛል። ድርድሩ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን ሳይነግረው ያልፋል። አንደኛው፣ ቃሉ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ከምን ጋር እንደሚቆም ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ሞክ አደረገኝ» ያለ ሰው በሌላው ላይ ምን ዓይነት ክስ እንዳቀረበ ነው። እኔ ሁለተኛው ይበልጣል እላለሁ፤ አገባብ የሳተ ሰው ቢበዛ ይታረማል፣ የቃሉን ክብደት የሳተ ግን በፍቅር የቀለደበትን ወዳጁን ይከሳል፣ አለዚያም በእውነት ተዋርዶ ሳለ ተራ ቀልድ እንደተቀለደበት አድርጎ ያወራል።

በመጀመሪያ ፍቺውን በሁለት ከፍሎ መያዝ ይጠቅማል። በ«ሞክ» ውስጥ ንቀት አለ፤ ከንቀቱ ጋር ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስመሰል አለ። አንድ ልጅ ሌላው ልጅ ሲያነክስ አይቶ ከኋላው እያነከሰ ቢከተለው፣ ወይም አንዲት ሴት የባልደረባዋን አነጋገር እየቀዳች ሌሎችን ብታስቅ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሳያመነታ የሚያነሣው ቃል ይህ ነው። ማስመሰሉ ሁልጊዜ የግድ አይደለም፤ በቃል ብቻ የሚደረግ ፌዝም በዚሁ ስም ይጠራል። ንቀቱ ግን ከጠፋ ቃሉ ቦታውን ለቋል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሌላ ግስ መፈለግ ይገባል።

ይህን ለማየት ከመጽሐፍ ቅዱስ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ አብዛኛው የአማርኛ አንባቢ ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ሙሉ ትኩረቱን ለእንግሊዝኛው መስጠት ይችላል። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27ን ይክፈቱ። ወታደሮቹ ቀይ ልብስ ያለብሱታል፣ የእሾህ አክሊል ጎንጉነው በራሱ ላይ ያኖራሉ፣ በቀኝ እጁ መቃ ያስይዙታል፣ ከዚያም በፊቱ ይንበረከካሉ። እያንዳንዱ ድርጊት ለንጉሥ የሚደረግ አክብሮት ነው፤ ልብሱ የመንግሥት ልብስ፣ አክሊሉ ዘውድ፣ መቃው በትረ መንግሥት፣ መንበርከኩም ስግደት ሆኖ ይታያል። ሁሉም ግን ለማዋረድ የተደረገ ማስመሰል ነው። አማርኛው «ዘበቱበት» ሲል በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም «ሞክት ሂም» ይላል። የቃሉን ሁለት አጥንቶች፣ ማስመሰሉንና ንቀቱን፣ እንዲህ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በገላትያ መልእክት 6፥7 «እግዚአብሔር አይዘበትበትም» የተባለውም በእንግሊዝኛው «ጋድ ኢዝ ኖት ሞክት» ነው። ስለዚህ «ሞክ»ን በአእምሮ የሚያስቀምጡበት የመጀመሪያ ቦታ ከ«ዘበተ» አጠገብ ቢሆን እመክራለሁ፤ «ቀለደ» ከሚለው አጠገብ ግን ባያስቀምጡት ይሻላል።

ዋናው የአገባብ ችግር የሚመነጨው ከራሳችን ቋንቋ ነው። አማርኛ በሰው «ላይ» ወይም «በ»ሰው ያፌዛል፤ በእርሱ አፌዙ፣ ተሳለቁበት፣ አላገጡበት እንላለን እንጂ «አፌዙት» አንልም። ይህ «በ» እንግሊዝኛ ስንናገር አብሮን ይሻገርና «ዘይ ሞክት ኦን ሂም» ወይም «ዘይ ሞክት አት ሂም» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስወጣናል። በዛሬው እንግሊዝኛ «ሞክ» ምንም መስተዋድድ ሳያስከትል በቀጥታ ወደ ሰውየው ይሄዳል፤ «ዘይ ሞክት ሂም» ብሎ ማቆም ነው። እርግጥ በድሮው ጽሑፍ ውስጥ «አት» ተከትሎት ይገኛል፤ ያው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም በምሳሌ 30፥17 በአባቷ ላይ ስለምታላግጥ ዓይን ሲናገር «ሞኬዝ አት» ይላል። ይህን ያነበበ ተማሪ ትክክል ነው ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም፤ ዛሬ ለሚጽፈው ደብዳቤ ግን አይበጀውም።

የፌዙ ምክንያት ሲጨመር ሌላ ወጥመድ ይመጣል። አማርኛ «ስለ አነጋገሩ አፌዙበት» ስለሚል እጃችን «አባውት» ወደሚለው ቃል ይሄዳል። «ሞክ» ምክንያቱን የሚያስከትለው በ«ፎር» ነው፤ «ዘይ ሞክት ሂም ፎር ሂዝ አክሰንት» ይባላል። ሌላም አማራጭ አለ፤ ሰውየውን ትቶ ነገሩን ራሱን የግሱ ተሳቢ በማድረግ «ዘይ ሞክት ሂዝ አክሰንት» ማለት ይቻላል፤ ይህ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ በጽሑፍ ይመረጣል። ተደራጊውን ማስቀደም ሲፈለግም «ሂ ዋዝ ሞክት» በቂ ነው፤ ያፌዙት ሰዎች መጠቀስ ካለባቸው «ባይ» ተጨምሮ ይጠቀሳሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የቀሩትን የፌዝ ግሶች በሁለት ጎራ ከፍሎ በቃል መያዝ ብዙ ድካም ያስቀራል። «ሞክ»፣ «ሪዲክዩል»፣ «ቲዝ»፣ «ቶንት» እና «ዲራይድ» መስተዋድድ አይፈልጉም። «ላፍ»፣ «ጂር»፣ «ስኒር» እና «ስኮፍ» ግን ወደ ሰውየው ወይም ወደ ነገሩ ለመድረስ «አት»ን ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህ «ጂር» አንዳንዴ ያለ «አት»ም ይቆማል። «ሜክ ፈን» ብቻውን የቆመ ነው፤ ሁልጊዜ «ኦቭ»ን ያስከትላል። ሁለተኛው ጎራ ከፊትና ከድምፅ የሚወጣ ነገር እንደሆነ ያስተውሉ፤ ሳቅ፣ ጩኸት፣ የከንፈር መጣመም። ድምፁ ወይም የፊቱ ገጽታ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚወረወር «አት» ያስፈልገዋል ብሎ መያዝ ለማስታወስ ያግዛል።

ስለ አነባበቡ ጥቂት እንበል። ያለፈው ጊዜ መጨረሻ ላይ ኢ እና ዲ ቢጻፉም ኢው አይነበብም፣ ዲውም እንደ ቲ ይነበባል፤ ቃሉ አንድ ቀለም ብቻ ሆኖ «ሞክት» ተብሎ ይጠናቀቃል እንጂ «ሞክድ» ወይም «ሞኬድ» አይባልም። «ላፍት» እና «ወርክት» የሚሄዱበት መንገድ ይኸው ነው። ብሪታንያውያን «ሞክ» የሚሉትን አሜሪካውያን አፋቸውን ከፈት አድርገው ወደ «ማክ» ያስጠጉታል፤ በአሜሪካ የሚኖር አንባቢ ቃሉን ሰምቶ ያልለየው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስሙ «ሞከሪ» ሲሆን የሚጠብቀው፣ ማለትም በኃይል የሚነገረው፣ የመጀመሪያው ቀለም ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቶቹ እንምጣ፤ ቃሉ የሚታወቀው ከእነርሱ ጋር ባለው ድንበር ነውና።

በጣም አስፈላጊው ድንበር ከ«ቲዝ» ጋር ያለው ነው። «ቲዝ» ወዳጅ ለወዳጁ፣ ወንድም ለእኅቱ የሚያደርገው ማሾፍ ሊሆን ይችላል፤ የሚሾፍበትም ሰው አብሮ የሚስቅበት ጊዜ ብዙ ነው። የከተማው ልጅ «እየፎገርኩህ ነው» የሚለው «አይም ጀስት ቲዚንግ» ከሚለው ጋር ይገጥማል። «ቲዝ» ግን ሁልጊዜ የዋህ ነው ማለት አይደለም፤ ሲደጋገምና ሲከፋ በትምህርት ቤት ልጆችን የሚያስለቅሰውም እርሱ ነው። ልዩነቱ እንዲህ ነው፤ «ቲዝ» ያለ ተናጋሪ የፌዘኛውን ልብ ክፍት ይተወዋል፣ «ሞክ» ያለ ግን ፈርዶበታል። ስለዚህ የጓደኛዎ እናት በሠርጉ ላይ ስለ ጭፈራዎ ቢያሾፉብዎት «ሺ ሞክት ሚ» ብለው ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከተረኩ፣ ሰሚው ሴትየዋን ክፉ አድርጎ ይሥላቸዋል።

«ሜክ ፈን ኦቭ» በንግግር ከሁሉም በላይ የሚሰማው ነው። ከአዲስ አበባው «ሙድ ያዘበት» ጋር የሚቀራረበውም በትርጉሙ ብቻ አይደለም፤ በደረጃውም ጭምር ነው፣ ሁለቱም ለቡና ላይ ወሬ ይመቻሉ። ይሁንና እንግሊዝኛው ከእኛው ይልቅ ትንሽ ይከበራልና ለአስተማሪ በሚጻፍ መልእክት ውስጥ ቢገባ አያስነውርም፤ «ሙድ ያዘበት»ን ግን በማመልከቻ ውስጥ የሚጽፍ የለም።

«ሪዲክዩል» መሳለቂያ ማድረግ ነው፤ የሚያይ፣ የሚሰማ ሕዝብ ያለበት ፌዝ ነው። አንድ ሚኒስትር ያቀረበው ሐሳብ በጋዜጦች ሲብጠለጠል ይህ ግስ ይመጣል። ከእርሱ ጋር ሥር የሚጋራው ቅጽል «ሪዲክዩለስ» ግን ከቤቱ ርቆ ሄዷል። የቤት ኪራዩ «ሪዲክዩለስ» ነው የሚል ሰው ማንም አልሳቀበትም፤ እኛ «አይቀመስም» የምንለውን ነው የሚለው። ግሱ የመጀመሪያውን ቀለም ሲያጠብቅ ቅጽሉ ሁለተኛውን ያጠብቃል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

«ቶንት» ለማስቆጣት የሚደረግ ነው፤ «ማብሸቅ» ብለን የያዝነው ቃል ልክ ይመጣለታል። የእግር ኳስ ደጋፊዎች በየማኅበራዊ ገጹ የሚያደርጉት ብሽሽቅ ሌላ ስም አያስፈልገውም። «ጂር» የብዙ ሰው ጩኸት ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ተጫዋች የሚወርድበት ነው። «ስኒር» ያለ ቃል ሊደረግ ይችላል፤ የላይኛውን ከንፈር ወደ አንድ ወገን ሰቀል ማድረግ ይበቃዋል። «ስኮፍ» ሰውን ከማዋረድ ይልቅ ሐሳብን ለማጣጣል ይቀርባል፤ በብሪታንያ የዕለት ንግግር ደግሞ ምግብን ጥርግ አድርጎ መብላትም ስለሆነ፣ በዙሪያው ያሉትን ቃላት ሳያዩ አይፍቱት። «ዲራይድ» የመጽሐፍ ቃል ነው፤ ያንብቡት፣ ለመናገር ግን አይቸኩሉበት።

«ሳርካዝም» የእኛ አግቦና ሽሙጥ የሚገኝበት ሰፈር ነው። ዘግይቶ ለመጣ ሰው «እንዴት ያለ ቀን ነው፣ ቀድመኸን መጣህ!» ማለት ሳርካዝም ነው። ቃሉ ሥጋን መቦጨቅ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ግስ የመጣ ነው፤ ሲነገርበት የኖረ ሰው ትርጓሜው የተጋነነ አይመስለውም። በአግቦ «ሞክ» ማድረግ ይቻላል፤ ሁሉም «ሞክ» ግን አግቦ አይደለም፣ ፊት ለፊት የሚነገረው ይበዛል።

ቅጽል ሆኖ ሲመጣ ቃሉ ፌዙን ጥሎ ማስመሰሉን ብቻ ይዞ ይቀራል። ይህን የማያውቅ ተማሪ «ሞክ ኤግዛም» የሚለውን ሲያይ የፌዝ ፈተና ይመስለዋል። በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከብሔራዊው ፈተና በፊት «ሞዴል» ብሎ የሚቀመጥበት ፈተና በብሪታንያ ስሙ «ሞክ» ነው፤ ተማሪዎቹም በብዙ ቁጥር «ሞክስ» ብለው ይጠሩታል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚደረገው ልምምድ «ሞክ ኢንተርቪው» ነው፤ ለሥልጠና የሚደረገው የይምሰል ችሎት «ሞክ ትራያል» ነው፤ የማይታጠፈው አጭር ኮሌታ «ሞክ ኔክ» ነው፤ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎችም ፕሮግራምን ለመፈተሽ እውነተኛውን ክፍል ተክቶ የሚቆመውን «ሞክ» ይሉታል። የሌሎችን አእዋፍ ድምፅ በመቅዳት የታወቀችው የሰሜን አሜሪካ ወፍ «ሞኪንግበርድ» የተባለችውም በማስመሰሏ ነው። ቴክሳስ በ1927 የክፍለ ግዛቱ ወፍ አድርጎ መርጧታል፤ ፍሎሪዳና ቴነሲም እንዲሁ መርጠዋታል፤ ማንም በፌዘኝነት አልከሰሳትም።

በዜና ውስጥ ደግሞ ስሙ በአንድ የተወሰነ ሐረግ ይመላለሳል፤ «ሜክ አ ሞከሪ ኦቭ» ይባላል። እዚህ ላይ የሚስቅ ሰው መፈለግ ከንቱ ነው። ሕግ አውጥቶ ራሱ የሚጥሰው ባለሥልጣን ሕጉን «ሞከሪ» አድርጎታል፤ ውሳኔው አስቀድሞ የተጻፈበት የፍርድ ሂደት ፍትሕን «ሞከሪ» አድርጎታል። አማርኛ ለዚህ «መቀለጃ አደረገው» የሚል የተዘጋጀ አነጋገር ስላለው ተማሪው ብዙ መድከም የለበትም፤ ከ«ኦቭ» ቀጥሎ የሚመጣው ስም ሰው ሳይሆን ሕግ፣ ምርጫ፣ ስምምነት፣ ፍትሕ የመሰለ ነገር መሆኑን ብቻ ያስተውል።

ከላይ ስለ ክብደት የተናገርሁት በተግባር ሲታይ ምን እንደሚመስል ለማሳየት በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንን ጉዳይ ላንሣ። አነጋገሩ እየተቀዳ የሚሳቅበት ሠራተኛ ነገሩን ለአለቃው ወይም ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ክፍል ሲጽፍ የሚመርጠው ግስ ዋጋ አለው። በሥራ ቦታ የሚደርስን አድልዎ የሚከታተለው የፌዴራል የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ትንኮሳ ሊሆኑ የሚችሉ ድርጊቶችን ሲዘረዝር «ሪዲክዩል» እና «ሞከሪ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በስማቸው ይጠቅሳል። በሌሎች ማብራሪያዎቹ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ተራ «ቲዚንግ»ን፣ እግረ መንገድ የተጣለ ቃልንና ከባድ ያልሆነ የአንድ ጊዜ ድርጊትን እንደማይከለክል ይናገራል። እንግዲህ በትሕትና «ዘይ ቲዝ ሚ» ብሎ የጻፈ ሰው በደሉን በገዛ እጁ ከማይከለከለው ወገን አሰልፎታል።

ቃሉ ብቻውን ጉዳይ አያሸንፍም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ሰባተኛ ክፍል የሚመለከተው 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን አሠሪዎች ነው፤ ፌዙም ከዘር፣ ከትውልድ አገር፣ ከሃይማኖት ወይም ሕጉ ከሚጠብቃቸው ከሌሎቹ ጉዳዮች ጋር የተያያዘ፣ እንዲሁም ከባድ ወይም ተደጋጋሚ መሆን አለበት። ለኮሚሽኑ አቤቱታ የሚቀርበው በመሠረቱ በ180 ቀናት ውስጥ ነው፤ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የክፍለ ግዛት ወይም የአካባቢ መሥሪያ ቤት ባለበት ወደ 300 ቀናት ይራዘማል። ስለሆነም ግሱን ከጻፉ በኋላ ወዲያው ድርጊቱን ያስከትሉ። «ሂ ሪፒተድሊ ሞክት ማይ አክሰንት ኢን ፍሮንት ኦቭ ከስተመርስ» ብለው፣ ቀኑን፣ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ የሰሙትንም ሰዎች ይጨምሩ። ለልጅዎ ትምህርት ቤት ሲጽፉም ይኸው ነው፤ ልጁ አብሮ የሚስቅበት ከሆነ «ቲዝ»ን ይጻፉ፣ ምሳ ዕቃውን ከፍቶ እንጀራ ባወጣ ቁጥር አፍንጫቸውን እየያዙ የሚያሳፍሩት ከሆነ ግን «ሞክ» ለማለት አይፈሩ።

ለልምምዱ፣ መጀመሪያ ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ፣ እንግሊዝኛውን በእንግሊዝኛ የሚፈታ መዝገበ ቃላት ይያዙ። በእነዚህ ውስጥ ከግሱ ቀጥሎ «ኤስ ቢ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ካዩ ሰውን፣ «ኤስ ቲ ኤች» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካዩ ነገርን በቀጥታ ይወስዳል ማለት ነው፤ በመካከላቸው «አት» ከተጻፈ ደግሞ መስተዋድዱ የግድ ነው። ብዙ ተማሪ እነዚህን ምልክቶች ዘሎ ወደ ፍቺው ይሮጣል፤ ለእኛ ግን ከፍቺው ይልቅ የሚጠቅሙት እነርሱ ናቸው።

ቀጥሎ ቃሉን በሰዎች አፍ ውስጥ ይፈልጉት። 100 ሚሊዮን ቃላት የያዘው የብሪታንያ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት፣ እንዲሁም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ቃላት የያዘው የዘመኑ የአሜሪካ እንግሊዝኛ ክምችት በኢንተርኔት ይፈተሻሉ። «ሞክት»ን አስገብተው ከውጤቱ ሃያ ያህል መስመሮችን ያንብቡ፤ ማን አፌዘ፣ በማን፣ በምን ምክንያት የሚለውን ከየመስመሩ ያውጡ። በማኅበራዊ ገጾች ሲያነቡ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደላት እየተፈራረቁ ተጽፎ ቢያዩ የመተየብ ስሕተት አይምሰልዎት፤ ከ2017 ወዲህ የተስፋፋ ልማድ ነው፣ የሌላውን ሰው ቃል በማጃጃል ድምፅ እየደገሙ «ሞክ» ማድረጊያ ነው። ድምፅ በሌለበት ጽሑፍ ውስጥ ማስመሰሉን የሚሸከሙት ፊደላቱ ናቸው።

በመጨረሻም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩ ዓረፍተ ነገሮችን ይጻፉ። «ተሳለቁበት»፣ «አባቱን አላገጠበት»፣ «ስለ አለባበሷ አፌዙባት»፣ «ስምምነቱን መቀለጃ አደረጉት» የሚሉትን ይውሰዱና ለየአንዳንዱ እንግሊዝኛውን አስቀምጠው፣ «አት»፣ «ኦን» ወይም «አባውት» ሾልኮ ገብቶ እንደሆነ በእርሳስ ያክብቡ። «ሞክ» ባለበት መስመር ላይ የተከበበ ካገኙ መስተዋድዱን ይሰርዙ፤ ከአለባበሷ በፊት ብቻ «ፎር»ን ይተኩ፤ ከስምምነቱ በፊት ያለውን «ኦቭ» ግን አይንኩት።